ጄኔሬተር በቁልፍ አልነሳ ሲል፦ የማስነሻ ሶሌኖይድ ምርመራና ቅየራ

የኤሌክትሪክ ኃይል ሲቋረጥ ፋርማሲዎች፣ ክሊኒኮችና አነስተኛ የንግድ ድርጅቶች በቁልፍ የሚነሱ የቤንዚን ጄኔሬተሮችን በመጠባበቂያነት እንደሚጠቀሙ ይታወቃል። በግንቦት 2011 ዓ.ም. የግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ ውሃ በመቀነሱ ኃይል በፈረቃ እንዲታደል በተደረገበት ወቅት የእነዚህ መሣሪያዎች አስፈላጊነት ጎልቶ ታይቷል። አብዛኞቹ ክትባቶች ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ውስጥ መቆየት ስለሚገባቸው፣ ለአንድ ክሊኒክ የጄኔሬተር አለመነሳት ከጨለማ የከፋ ጉዳት ያስከትላል።

ቁልፉ ዞሮ ሞተሩ አልንቀሳቀስ ሲል ብዙ ጊዜ የሚወሰደው እርምጃ አዲስ ባትሪ መግዛት ነው፤ ይህ ካልሠራም በጋራዥ አጠራር ሞተሪኖ የሚባለው የማስነሻ ሞተር በሙሉ ይለወጣል። ይሁን እንጂ ብልሽቱ በሁለቱ መካከል በሚገኝ፣ ዋጋው ከሞተሪኖው በእጅጉ በሚያንስ ሶሌኖይድ ላይ ሊሆን ይችላል። ገንዘብ ከማውጣት በፊት መለካት የሚያስፈልገውም በዚህ ምክንያት ነው።

ሶሌኖይድ በአነስተኛ የኤሌክትሪክ ፍሰት ታዞ ከፍተኛ ፍሰትን የሚያስተላልፍ መገናኛ ነው። ሞተሪኖው የሚስበውን ከፍተኛ ፍሰት የቁልፉ ቀጭን ሽቦ ሊሸከመው አይችልም። ስለሆነም ከቁልፉ የሚመጣው ፍሰት በሶሌኖይዱ ውስጥ ያለውን ጥቅልል ሽቦ ወደ ማግኔትነት ይለውጠዋል፤ ማግኔቱም የብረት ዘንግ ስቦ ሁለቱን ወፍራም ጫፎች በመዳብ ሳህን ያገናኛል። ቁልፉ ሲዞር የሚሰማው “ቀጭ” የሚል ድምፅ የዚህ እንቅስቃሴ ነው።

ከመሣሪያ በፊት ድምፁ ራሱ ብዙ ይናገራል። ተደጋጋሚና ፈጣን መንቀጥቀጥ የሚሰማ ከሆነ ባትሪው ደክሟል ወይም የባትሪው ገመድ ላልቷል፤ ሶሌኖይዱን በዚህ መውቀስ ተገቢ አይደለም። አንድ ጊዜ ብቻ “ቀጭ” ብሎ ዝም ካለ የመዳብ ሳህኑ መቃጠል ሊጠረጠር ይገባል። ምንም ድምፅ ከሌለ ደግሞ ፊውዙ፣ ቁልፉ ወይም ጥቅልል ሽቦው በተራ መታየት አለባቸው።

ምርመራው ከቤት ውጪ፣ አየር በሚገባ በሚዘዋወርበት ቦታ ሊከናወን ይገባል። በቅድሚያ ከጄኔሬተሩ ጋር የተያያዘው የቤት መስመር ይነቀላል፣ የቤንዚኑ መዝጊያ ይዘጋል፣ የካንዴላው ገመድም ይነቀላል። ባለ 12 ቮልቱ ባትሪ ሥራ በሌለበት ሰዓት በቴስተር ሲለካ 12.6 ቮልት አካባቢ ማሳየት ይኖርበታል፤ ከ12.4 በታች ከሆነ መጀመሪያ ቻርጅ ይደረግ።

ዋናው ልኬት በሶሌኖይዱ ሁለት ወፍራም ጫፎች ላይ የሚደረገው ነው። ቴስተሩ በቀጥተኛ ቮልት ላይ ሆኖ ቀዩ ሽቦ ከባትሪ በሚመጣው ጫፍ፣ ጥቁሩ ወደ ሞተሪኖ በሚሄደው ጫፍ ላይ ይደረጋል። ቁልፉ ሳይዞር የባትሪው ቮልት መታየት አለበት። በዚህ ጊዜ ዜሮ ከታየና ባትሪው ደህና ከሆነ መስመሩ የተቋረጠው ሌላ ቦታ፣ ለምሳሌ በገመዶቹ ወይም በሞተሪኖው ውስጥ ነው። ቁልፉ ሲዞር ቮልቱ ወደ ዜሮ መውረድ ይኖርበታል። “ቀጭ” እያለ 12 ቮልት ገደማ ከቀረ ሳህኑ አልገጠመም፤ ሞተሪኖው እየዞረ ከግማሽ ቮልት በላይ ከታየም የመዳቡ ገጽ ተበልቷል ማለት ነው።

“ቀጭ” የሚል ድምፅ ካልተሰማ ቁልፉ ዞሮ ሳለ በቀጭኑ ጫፍ ላይ ቮልት መድረሱ ይታያል። ቮልቱ ደርሶ ሶሌኖይዱ ካልተንቀሳቀሰ ባትሪው ተነቅሎ የጥቅልል ሽቦው ኦም ይለካል። ጥቂት ኦሞች መታየታቸው ደህንነቱን፣ ምንም አለመታየቱ መበጠሱን ያመለክታል።

ሁለቱን ወፍራም ጫፎች በካቻቪቴ ማገናኘት በየቦታው የተለመደ ዘዴ ነው። ዘዴው ሞተሪኖው እንደሚዞር ያሳያል እንጂ፣ በቤንዚን ትነትና ከባትሪ በሚወጣ ጋዝ አጠገብ ብልጭታ ስለሚፈጥር እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ያው መልስ በቴስተር ያለ ብልጭታ የሚገኝ በመሆኑ ለዚህ አደጋ መጋለጥ አያስፈልግም።

በቅየራው ጊዜ የባትሪው ኔጋቲቭ ገመድ በመጀመሪያ ይነቀላል፣ በመጨረሻም ይታሰራል። ገመዶቹ ከመፈታታቸው በፊት በእጅ ስልክ ፎቶ ማንሳት ከስህተት ያድናል። አዲሱ ዕቃ በቮልትና በጫፎቹ ብዛት ከአሮጌው ጋር መመሳሰል ይኖርበታል። ባለ ሦስት ጫፉ ሶሌኖይድ የኔጋቲቭ መስመሩን የሚያገኘው ከታሰረበት ብረት ሲሆን፣ ባለ አራት ጫፉ ግን ለዚሁ የተለየ ቀጭን ሽቦ ይፈልጋል። አዲስ ሶሌኖይድ ተገጥሞ የማይሠራበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው፤ ማሰሪያው ቦታ ዝገት ወይም ቀለም ካለበት ፍሰቱ መንገድ ያጣል። ስለዚህ ቦታው ብረቱ እስኪታይ በብርጭቆ ወረቀት መጽዳት አለበት። የወፍራሞቹ ጫፎች ዳዶም ከልክ በላይ መጥበቅ የለበትም፤ ብሎኑ በፕላስቲኩ ውስጥ ከዞረ አዲሱ ዕቃ ከንቱ ይሆናል።

ከቅየራው በኋላ በወፍራሞቹ ጫፎች ላይ የተደረገው ልኬት ይደገማል። ሞተሪኖውን በአንድ ጊዜ ከ5 ሰከንድ በላይ ማዞር አይገባም፤ የሆንዳ ጂኤክስ ሞተሮች መመሪያም ይህንኑ ገደብ አስቀምጦ ከሚቀጥለው ሙከራ በፊት ቢያንስ 10 ሰከንድ መጠበቅ እንደሚያስፈልግ ይገልጻል። ቁልፉ ተለቆ ሞተሪኖው መዞሩን ከቀጠለ ሳህኑ ተጣብቋልና የባትሪው ገመድ ወዲያውኑ መነቀል አለበት። አዲሱ ዕቃ እስኪገኝ ድረስ፣ መጎተቻ ገመድ ያለው ጄኔሬተር በእጅ ተጎትቶ ሊነሳ ይችላል።