በመኪና ቀለም ላይ ስለሚወጣ ጭረት

በመሰላ፣ በጭሮና በገለምሶ የገጠር መንገዶች የሚመላለስ መኪና፣ ጫት የጫነም ይሁን ሰው፣ የቁልቋሉ አጥርና የግራሩ እሾህ በጎኑ ላይ የሚተዉትን ጭረት ባለንብረቱ በገዛ እጁ ሊያስወግደው ይችል እንደ ሆነ ዘወትር ስለምጠየቅ፣ ከቀለም ቀቢነት ተግባረ እድ ያገኘሁትን ዕውቀት እነሆ አቀርባለሁ።

ከላሜራው በላይ መነሻ ቅብ፣ ቀጥሎ ሕብሩን የሚሰጠው ቀለም፣ ከሁሉም በላይ እኛ ባለጋራዦች ክሊር የምንለው ብርሃን አሳላፊ ልባስ ተደራርበው ይገኛሉ፤ ይህም ላዕላይ ልባስ ውፍረቱ ከ0.05 ሚሊ ሜትር እምብዛም አይዘልም። በአሮጌ ነጭ መኪኖች ላይ ግን ክሊር ላይኖር ይችላል፤ ሲታሽ ጨርቁ ነጭ ከሆነ ምልክቱ እርሱ ነው።

ጥፍርን በጭረቱ ላይ አቋርጦ መሳብ መመርመሪያው ነው። ጥፍር ካልያዘው፣ መኪናውን ጥላ ሥር አቁሞ አቧራውን በብዙ ውኃ ካጠቡ በኋላ (ይህን የናቀ ሰው በአንድ ጭረት ፋንታ መቶ ያተርፋል) ጥቂት ኮምፓውንድ፣ ማለትም የቀለም መወልወያ ቅባት፣ በለስላሳ ጨርቅ እየቀቡ ማሸት ይበቃል። በጥቂቱ ከያዘው፣ ቁጥር 2000 የብርጭቆ ወረቀት በሳሙና ውኃ አርሶ ሳይጫኑ መፈግፈግ፣ ከዚያም በ3000፣ በመጨረሻም በኮምፓውንድ ማሸት ነው፤ ገጹ መጀመሪያ ወተት እንደ ፈሰሰበት ቢደበዝዝ አያስደንግጥ። በጠርዝ ላይ ግን ክሊሩ ስለሚሳሳ ወረቀት ማሳረፍ አልመክርም። የጥርስ ሳሙናም፣ ደቂቅ መፋቂያ ስላለበት፣ ለቀላሉ ጭረት ብቻ ጥቂት ይረዳል።

ላሜራው የታየ እንደ ሆነ ማሸት ከንቱ ነው፤ ዝገቱን ፍቆ፣ ዝገት መከላከያ ቀብቶ፣ በመኪናው የቀለም ቁጥር የተቀመመ ቀለም በቀጭን ብሩሽ መሙላት ያሻል፤ ቁጥሩም በቶዮታ መኪኖች በበሩ ምሰሶ ወይም በሞተሩ ክፍል ባለው ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ይገኛል።