አውሮፕላኖቹን ያመጣቸው ምንድን ነው?

ግንቦት 16 ቀን 1983 (በፈረንጆቹ 1991) ከአዲስ አበባ የተነሡ የክርያት ያም አዛውንቶች ያን ቀን ሲያወሩ፣ ወንበሩ ስለተነቀለው አውሮፕላንና ግንባራቸው ላይ ስለተለጠፈው ቁጥር ያነሣሉ። ዩኒቨርሲቲ የገቡ የልጅ ልጆቻቸው ግን ሌላ ይጠይቃሉ፦ መንግሥታቱ ያን ያደረጉት ለምንድን ነው? ምሁራን ለዚህ ዐይነቱ ጥያቄ በዋናነት ሦስት መልስ አላቸው።

አንደኛው ሪያሊዝም ነው። ከመንግሥታት በላይ ዳኛ ስለሌለ እያንዳንዱ ለህልውናው ይሠጋል፤ ወዳጁንም የሚመርጠው በጉልበትና በጥቅም ሚዛን ነው ይላል። ደርግ በሰሜን ሲሸነፍና የሶቭየት ዕርዳታ ሲሳሳ፣ በ1989 ከእስራኤል ጋር የታረቀው የጦር መሣሪያ ፈልጎ ነበር። እስራኤልም ቀይ ባሕር ላይ ወዳጅ ትሻለች። በዚህ ዐይን ቤተ እስራኤል መደራደሪያ ነበሩ። መስማቱ ያማል፤ ሐሰት ግን አይደለም።

ሊበራሊዝም ደግሞ ድርጅቶች፣ ንግድና የሕዝብ ድምፅ መንግሥትን ይገራሉ ይላል። ንጉሠ ነገሥቱ በ1973 ከእስራኤል ጋር ግንኙነት ሲያቋርጡ፣ አብዛኞቹ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት አባላትም ያንኑ አድርገዋል። በ1991 ደግሞ የአሜሪካ አይሁድ ለኢትዮጵያ መንግሥት የተከፈለውን 35 ሚሊዮን ዶላር አሰባሰቡ፤ ፕሬዚዳንት ቡሽም ግፊት አደረጉ።

ሦስተኛው፣ ስሙ ለምላስ የሚከብደው ኮንስትራክቲቪዝም ነው። መንግሥት ጥቅሙን ከማስላቱ በፊት «እኔ ማን ነኝ? የኔ ወገን ማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል ይላል። ለዚህ ታሪክ ከሁሉ የሚቀርበው ይኸኛው ነው። በንጉሡ ዘመን ሁለቱ አገሮች እጅግ ተቀራርበው፣ እስራኤል የኢትዮጵያን ወታደሮች እስከማሠልጠን ደርሳ ነበር፤ ቀይ ባሕርም ያኔም አለ። ቤተ እስራኤል ግን ጎንደር ቀሩ። የተለወጠው ሌላ ነው፦ በ1973 ዋና ራቢ ኦቫድያ ዮሴፍ ቤተ እስራኤል አይሁድ ናቸው ብለው ፈረዱ፤ በ1975 የመመለስ ሕግ እነርሱንም አካተተ።

ይህ ፍርድ ብቻውን በሩን አልከፈተም። በሩ የተከፈተው መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ግንቦት 13 ቀን ከአገር ሸሽተው፣ የቀሩት ባለሥልጣናት ሲጨንቃቸው ነው። ያኔ ከ14 ሺህ በላይ ሰው በ36 ሰዓት ገደማ ተጓጓዘ።

«ወገን ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ግን ያስቀራልም። አያቶቻቸው ክርስትና ተነሥተዋል የተባሉ በዚያው ቀን ከዝርዝሩ ውጭ ሆኑ። ብዙዎቹ ቆይተው ቢመጡም፣ ዛሬም ጎንደርና አዲስ አበባ ሆነው የሚጠብቁ አሉ። ኢየሩሳሌም ላይ ስለነሱ የሚደረገው ክርክር የጦር መሣሪያም የቀይ ባሕርም ነገር የለበትም።