ሰዓት፣ ሜትርና ከፍታ፦ የሩጫ ቁጥሮች ምን ይነግሩናል?

አንድ ሯጭ የመጨረሻውን መስመር ሲያልፍ ዓይናችን የሚያየው ሰውን ነው፤ በመዝገብ የሚቀረው ግን ቁጥር ነው። ቁጥሩ ደግሞ ትርጉም የሚያገኘው የት፣ በምንና እንዴት እንደተለካ ሲታወቅ ነው። በዚህ ጽሑፍ ሦስት መጠኖችን፣ ማለትም ጊዜን፣ ርቀትንና ከፍታን በየተራ እንመለከታለን።

ከጊዜ እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ2000 በሲድኒ ኦሊምፒክ የ10,000 ሜትር ፍጻሜ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ27 ደቂቃ ከ18.20 ሰከንድ፣ ኬንያዊው ፖል ቴርጋት በ27 ደቂቃ ከ18.29 ሰከንድ ገቡ። 10,000 ሜትርን ለ1,638.20 ሰከንድ ብናካፍል የኃይሌ አማካይ ፍጥነት በሰከንድ 6.1 ሜትር ገደማ ይሆናል። በዚህ ፍጥነት 0.09 ሰከንድ ማለት ከግማሽ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ርቀት ነው። በመጨረሻዎቹ ሜትሮች ሁለቱም ከአማካዩ በላይ ይፈጥኑ ስለነበር እውነተኛው ክፍተት ከዚህም ይሰፋል። ሰው ምልክት አይቶ ስቶፕ ዎች እስኪጫን ግን 0.2 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ስለዚህ በእጅ የተያዘ ሰዓት እንዲህ ያለውን ልዩነት በአስተማማኝ ሁኔታ ሊለይ አይችልም።

ርቀትስ? መም በሌለበት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ሜዳውን እየዞሩ ይሮጣሉ። የክብ ዙሪያ ሁለት ጊዜ ፓይ ሲባዛ በሬዲየስ ነው። አንድ ሯጭ ከተለካው መስመር አንድ ሜትር ወደ ውጭ ወጥቶ ቢሮጥ በየዙሩ ሁለት ፓይ፣ ማለትም 6.28 ሜትር ይጨምራል። የሚያስደንቀው፣ ሜዳው ቢሰፋም ቢጠብም ጭማሪው ያው መሆኑ ነው። በ25 ዙር 157 ሜትር ይሆናል፤ በኃይሌ የሲድኒ ፍጥነት እንኳ 26 ሰከንድ ገደማ የሚወስድ ትርፍ መንገድ ነው።

ሦስተኛው መጠን ከፍታ ነው። ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው የወገራዋ አምባ ጊዮርጊስ ከባሕር ወለል በላይ 2,900 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። ብዙዎች በደጋ አየር ውስጥ የኦክስጅን ድርሻ ያነሰ ይመስላቸዋል። ድርሻው በቆላም በደጋም 21 ከመቶ ገደማ ነው፤ የሚቀንሰው የአየሩ ግፊት ነው። ግፊቱ በየ1,000 ሜትሩ ከነበረበት 11 ከመቶ ያህል ስለሚቀንስ 0.89ን ሦስት ጊዜ በራሱ ብናባዛ 0.70 ገደማ እናገኛለን። በመሆኑም የአምባ ጊዮርጊስ ሯጭ በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ካለው ሯጭ 30 ከመቶ ያህል ያነሰ ነው። ሰውነት ቀይ የደም ሕዋሳትን በማብዛት ጉድለቱን በከፊል ያካክሳል እንጂ ፈጽሞ አያጠፋውም።

እ.ኤ.አ. በ1968 ኦሊምፒክ በሜክሲኮ ሲቲ በ2,240 ሜትር ከፍታ ላይ ሲካሄድ ይህ በግልጽ ታየ። በ10,000 ሜትር ኬንያዊው ናፍታሊ ቴሙ በ29 ደቂቃ ከ27.4 ሰከንድ ሲያሸንፍ ማሞ ወልዴ በ0.6 ሰከንድ ተቀድሞ ሁለተኛ ወጣ። ከአራት ዓመት በፊት በቶኪዮ አሜሪካዊው ቢሊ ሚልስ ያሸነፈው በ28 ደቂቃ ከ24.4 ሰከንድ ነበር። የውድድር ስልትም የራሱ ድርሻ ቢኖረውም ከአንድ ደቂቃ በላይ የሆነውን ልዩነት ያለ ከፍታው ማስረዳት ይከብዳል። በአንጻሩ ስስ አየር የሚፈጥረው መከላከል አነስተኛ በመሆኑ አጭር ርቀት ሯጮችና ዘላዮች ተጠቅመዋል፤ ቦብ ቢመን 8.90 ሜትር የዘለለው በዚያው ውድድር ነበር።

እንግዲህ በአምባ ጊዮርጊስ 5,000 ሜትር የሮጠች ተማሪ ሰዓቷን በዝቅተኛ ቦታ ከተመዘገበ ሰንጠረዥ ጋር አስተያይታ ተስፋ ብትቆርጥ፣ ወይም መራጮች በዚሁ ንጽጽር ቢያስቀሯት፣ ስሕተቱ የእግሯ ሳይሆን የስሌቱ ነው። መፍትሔው ከባድ አይደለም። ርቀቱ በሜትር ገመድ ይለካ፤ ሦስት ሰዎች ሰዓት ይያዙና መካከለኛው ይወሰድ፤ ከውጤቱ ጎን ቀኑ፣ ቦታውና ከፍታው ይጻፍ። ከሁሉም በላይ የዛሬው ሰዓት በዚያው ሜዳ ካለፈው ወር ሰዓት ጋር ይነጻጸር። የሯጯን እውነተኛ እድገት የሚያሳየው ይህ ልዩነት ነው።