የቁስል ማነስና የፈውስ መጠን፦ ስለ ማሕፀን በር ካንሰር ሕክምና



በላፓሮስኮፒ፣ ማለትም በጠባብ ቀዳዳዎች በካሜራ እየታገዘ በሚከናወን ቀዶ ሕክምና፣ ታካሚዋ ጥቂት ደም ታጣለች፤ ፈጥናም ታገግማለች። ዕጢውን አስቀድሞ በኬሞቴራፒ አሳንሶ በዚህ ዘዴ ማውጣት የሚለው ሐሳብ ተስፋ የተጣለበትም ስለዚህ ነው። እኔ ግን ይህን ተስፋ በሁለት ጥናቶች ልመዝነው እወዳለሁ።

እ.ኤ.አ. በ2018 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን የታተመው ጥናት በሽታው ገና በጀመራቸው ሴቶች ላይ የተደረገ ነበር። ከ4 ዓመት ተኩል በኋላ ካንሰሩ ያላገረሸባቸው፣ ሆድ ተከፍቶ ከታከሙት 96.5 በመቶ፣ በጠባብ ቀዳዳ ከታከሙት ግን 86 በመቶ ነበሩ። በዚያው ዓመት የታተመው የሙምባዩ ታታ ሜሞሪያል ሆስፒታል ጥናት ደግሞ ዕጢያቸው የገፋ ሴቶችን ተከታትሏል። ከ5 ዓመት በኋላ ከበሽታው ነጻ የነበሩት፣ ከኬሞቴራፒ ቀጥሎ ቀዶ ሕክምና ካገኙት 69.3 በመቶ፣ ጨረርን ከሲስፕላቲን ጋር ካገኙት 76.7 በመቶ ናቸው።

የጨረር ሕክምና ለረጅም ዓመታት በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥባት በነበረችው አገራችን፣ ኬሞቴራፒና ቀዶ ሕክምና ወረፋ ለምትጠብቅ ሴት መሸጋገሪያ ሊሆኑ ይችላሉ፤ የጨረርን ቦታ ግን አይተኩም። የቁስል ማነስም ለፈውስ ዋስትና አይደለም። ታካሚዋ ይህን ተረድታ እንድትወስን ማድረግ የሐኪሙ ግዴታ ነው።