የሞተር ጎሚኒ፦ ምርመራውና አቀያየሩ

የሞተር ጎሚኒ ሞተሩን ከቴላዮው ጋር የሚያገናኝ፣ መሃሉ ላይ የብረት ቦኮላ ያለበት ላስቲክ ነው። ሞተሩን ይሸከማል፤ ንዝረቱም ወደ መሪውና ወደ እግር መርገጫው እንዳያልፍ ያበርዳል። ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር በደቂቃ 6000 ዙር ሲሽከረከር ፒስተኑ በሴኮንድ 100 ጊዜ ይመላለሳል። ይህን ሁሉ ምት የሚቀበለው ላስቲክ በሙቀት ይደርቅና ይሰነጠቃል፤ ዘይት ከነካው ደግሞ ያብጥና ይልማል።

ጎሚኒ በሁሉም ሞተር ሳይክል ላይ አይገኝም። በእ.ኤ.አ. 1967 ለእይታ የቀረበው የእንግሊዙ ኖርተን ኮማንዶ ሞተሩን፣ ማርሽ ቤቱንና የኋላ ሹካውን በላስቲክ ላይ በማንጠልጠል ስም አትርፏል። ባለ 100 እና ባለ 125 ሲሲ ከሆኑት ትንንሽ ሞተሮች ብዙዎቹ ግን ቴላዮው ላይ በቀጥታ በቡሎን ይታሰራሉ። በእነዚህ ላይ የሚያልቀው ላስቲክ ሳይሆን ቡሎኑና ቀዳዳው ነው። ባለ ሦስት እግሩ ባጃጅ ግን ጎሚኒ አለው።

በወልድያ፣ በመርሳና በግራና አካባቢ ከአስፋልት ወጥቶ ወደ ገጠር ቀበሌ የሚገባ ሞተር ኮረኮንች ላይ ውሎ ያድራል፤ ማሰሪያውም ቶሎ ይላላል። ምልክቱ መሪው እጅን እስኪያደነዝዝ መንቀጥቀጡ፣ ነዳጅ ሲለቀቅም ሆነ ፍሪሲዮን ሲያዝ "ኳ" የሚል ድምፅ መሰማቱ ነው። የላላ ካቴናም ተመሳሳይ ድምፅ ስለሚያወጣ አስቀድሞ እሱ ይታያል። ይህ ሳይጣራ ሞተር ማስፈታት ያለ አግባብ ወጪ ነው።

ለመመርመር ሞተሩ ጠፍቶ በማቆሚያው ይተከላል። ረጅም ካቻቢቴ በሞተሩና በቴላዮው መካከል ገብቶ በቀስታ ሲጫኑት ላስቲኩ ከብረቱ ከተላቀቀ ወይም ስንጥቁ አፉን ከከፈተ ጎሚኒው አልቋል። በቀጥታ በታሰረ ሞተር ላይ ደግሞ የቡሎኑ ራስ ሥር በባትሪ ብርሃን ይታያል፤ ዙሪያውን ቀይ የዝገት ዱቄት ከተገኘ ብረት ከብረት እየተፋጨ ነው። ቀዳዳው ሞላላ ከሆነ ማጥበቅ ብቻውን አያድነውም።

ሲቀየር ሞተሩ መቀዝቀዝ አለበት። የባትሪው ኔጌቲቭ ገመድ ይነቀላል፤ የማርሚታው ማሰሪያ ይላላል፤ ከሞተሩ ሥር እንጨት ተደርጎ በክሪክ ይደገፋል። ክሪኩ ክብደቱን ከመሸከም አልፎ ሞተሩን ወደ ላይ ከገፋው ቡሎኑ ይነክስና አልወጣም ይላል። ጎሚኒዎቹ ተራ በተራ ይፈታሉ፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ቢፈቱ ሞተሩ ከቦታው ይንሸራተታል። አንዱን አዲስ፣ ሌላውን አሮጌ ማድረግ ግን ጥቅም የለውም፤ ጭነቱ አዲሱ ላይ ይወድቅና ቶሎ ይበላዋል። ግራሶም ላስቲኩን አይንካ። ቡሎኖቹ በሙሉ መጀመሪያ በእጅ ይገባሉ፤ ሞተሩ ቦታውን ሲይዝ አምራቹ በወሰነው ልክ ይጠብቃሉ። ራሱን የሚቆልፍ ዳዶ አንዴ ከተፈታ በአዲስ ይተካል።

በመጨረሻ የካቴናው መስመርና ውጥረት ይስተካከላል። አዲስ ላስቲክ ሥራ ሲጀምር ትንሽ ስለሚረግብ ቡሎኖቹ ከጥቂት ቀን መንዳት በኋላ ዳግም ይፈተሻሉ።