ከተማ ገንቢው ጨዋታ እና የጓሳ ሣር



የዛሬው ርእሴ ከተማ እየተገነባ የአካባቢ ጥበቃ የሚታይባቸው የኮምፒውተር ጨዋታዎች ናቸው። እነዚህ ጨዋታዎች ስለ ተፈጥሮ ሀብት አጠባበቅ ምን ያስተምሩናል? ምንስ ይተዋሉ? መመዘኛ የማደርገው የመንዝን ጓሳ ነው።

አስቀድመን የሚያስተምሩትን እንይ። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው ሲምሲቲ ተጫዋቹን ከንቲባ አድርጎ ይሾመዋል። ከንቲባው ፋብሪካዎችን ከመኖሪያ ሰፈር አጠገብ ቢያበዛ ከተማው ለጊዜው ያድጋል፤ ውሎ አድሮ ግን ብክለቱ የመሬቱን ዋጋ ያወርዳል፣ ነዋሪው ይለቃል፣ ግብሩም ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የደቡብ አፍሪካ ሥራ ቴራ ኒል ደግሞ ነገሩን ይገለብጠዋል። ተጫዋቹ የተራቆተ መሬት ተረክቦ አፈሩን ያክማል፣ ውኃውን ይመልሳል፣ በመጨረሻም የተከላቸውን መሣሪያዎች ነቅሎ ይሄዳል። በተፈጥሮ ላይ የምንሠራው ሥራ ዳፋው ዘግይቶ እንደሚደርስ በገዛ እጅ ሞክሮ ማየት ከንባብ ይልቅ ልብ ውስጥ ይቀራል ብዬ አምናለሁ።

ይሁን እንጂ በሁለቱም ጨዋታዎች ወሳኙ አንድ ሰው ነው። «ይህ መሬት ይከለል» ካለ ይከለላል። የተራበ ከብት ይዞ የሚከራከረው፣ ሌሊት ገብቶ ሣር የሚያጭድበት ጎረቤት የለም።

ጓሳ ላይ ዋናው ጉዳይ ይኸው ጎረቤት ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ የሚገኘው ይህ ደጋ የቀይ ቀበሮና የጭላዳ መኖሪያ ነው፤ ለመንዝ ገበሬም የቤት ክዳን፣ የገመድና የግጦሽ ምንጭ ነው። ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ እንደቆየ በሚነገርለት የቀሮ ሥርዓት የአስቦና የጌራ ባለ ርስቶች አለቆቻቸውን መርጠው፣ ስፍራውን ከ3 እስከ 5 ዓመት ይዘጉት ነበር። የመክፈቻውን ጊዜ የሚወስኑት የሣሩ ዕድገትና የሕዝቡ ችግር ነበሩ።

በ1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት ዐዋጅ የርስትን ሥርዓት ሲያስቀር ቀሮም መሠረቱን አጣ፤ በጓሳ ላይ የነበረውም ጫና በረታ። ልብ በሉ፤ የተለወጠው የአፈሩ ወይም የዝናቡ ጠባይ አልነበረም፤ የመዝጋት ሥልጣን የማን እንደሆነ ነው። ቀሮን ግን ያለ ነቀፋ ላወድሰው አልሻም፤ ከአቅኚዎቹ የማይወለድ ሰው ድርሻ አልነበረውም። ስለዚህ ማኅበረሰቡ በኋላ ጥበቃውን በኮሚቴ እንደገና ሲያደራጅ የገጠመው ጥያቄ ድርብ ነበር፦ ሣሩን ማዳን፣ ባለ መብቱንም ማስፋት።

እ.ኤ.አ. በ2009 የኖቤል ሽልማት ያገኙት ኤሊኖር ኦስትሮም በጋራ ሀብት የሚጠቀሙ ሰዎች ራሳቸው ደንብ አውጥተው ሊያስከብሩ እንደሚችሉ ያስረዱት ከእንዲህ ዓይነቶቹ ስፍራዎች ተነሥተው ነው።

ለኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎቻችን አንድ የቤት ሥራ ልተው። ጓሳን ጨዋታ አድርጋችሁ ሥሩት፤ ለእያንዳንዱ ተጫዋች ከብትና የሚከደን ቤት ስጡት፤ የመዝጊያው ቁልፍ ግን ተጫዋቾቹ ካልተስማሙ አይሥራ። ማን ድምፅ እንዳለው የምትወስኑት እናንተ ናችሁ፤ ከባዱም ክፍል እርሱ ነው።