ጠዋት ለሩጫ በባዶ ሆድ ትወጣላችሁ? በሶና ድንች እቤት አለ

ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ላይ ሩጫ የጀመራችሁ ወጣቶች፣ ከልምምድ በፊት ምን እንደሚበላ ስልካችሁ ላይ ስትፈልጉ የሚመጣላችሁ አጃ፣ ሙዝ፣ የኦቾሎኒ ቅቤና የታሸገ ዱቄት ነው። ነፋስ መውጫ ላይ ይህን በየጠዋቱ ማን ይገዛል? ደግሞም ግዴታ አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጠንከር አድርገን ስንሮጥ ሰውነታችን በዋናነት የሚያቃጥለው ከእህልና ከድንች የሚገኘውን ካርቦሃይድሬት ነው። ይህ ጡንቻና ጉበት ውስጥ ይከማቻል። ተኝተን ስንነሳ የጡንቻው ብዙም አይነካም፤ የጉበቱ ግን ሌሊቱን በጣም ይቀንሳል። የደም ስኳር እንዳይወርድ የሚጠብቀው ደግሞ ይሄኛው ነው። ባዶ ሆድ ዳገት ስትወጡ ዓይን ጭልም፣ ጉልበት ክድት ሊያደርግ የሚችለው ለዚህ ነው።

ስለዚህ የጠዋት 12 ሰዓት ልምምድ ምግብ የሚጀምረው ማታ ነው። እራት ላይ እንጀራውን ጠገብ አድርጋችሁ ብሉ። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ አንድ ጥናት የ10 ኢትዮጵያውያን የረጅም ርቀት ሯጮችን አመጋገብ ለ7 ቀን ተከታትሎ፣ ከምግብ ከሚያገኙት ጉልበት 64 በመቶ ገደማው ከካርቦሃይድሬት እንደሆነ አግኝቷል።

ጠዋትስ? ሶምሶማው ቀላል ከሆነና ከአንድ ሰዓት ካልበለጠ ውሃ ጠጥቶ መውጣት ይቻላል። ፍጥነት፣ ዳገት ወይም ረጅም ሩጫ ካለ ግን ቀመስ ማድረግ ያስፈልጋል። የስፖርት ምግብ ባለሙያዎች ልምምዱ ከ1 እስከ 4 ሰዓት ሲቀረው ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት ከ1 እስከ 4 ግራም ካርቦሃይድሬት ይመክራሉ፤ ሰዓቱ በቀረበ ቁጥር መጠኑ ያንሳል። 55 ኪሎ የሚመዝን ልጅ አንድ ሰዓት ሲቀረው 55 ግራም ይበቃዋል። ወደ እኛ ጓዳ ስናመጣው 50 ግራም ገደማ በሶ በአንድ የሾርባ ማንኪያ ማር ተበጥብጦ፣ ወይም ሁለት መካከለኛ ቅቅል ድንች ማለት ነው። በሶ ገብሱ ቀድሞ የተቆላ ስለሆነ በሌሊት ተነስቶ እሳት ማንደድ የለም። ውሃው ግን ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን፤ ብጥብጡም ቀጠን ይበል።

የባቄላ ቆሎ፣ በርበሬ የበዛበት ሽሮና ቅቤ የገባበት ጩኮ ከሩጫ በፊት አይመከሩም፤ ሆድ ይነፋሉ ወይም ቶሎ አይፈጩም። ጩኮ ስንወድ! ግን ከሩጫ በኋላ ይሁን።

በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት የምትጾሙ፣ ጠንካራውን ልምምድ ወደ 11 ሰዓት አዙሩት። 9 ሰዓት ላይ የበላችሁት ድንችና በሶ ሁለት ሰዓት ያገኛል።

ክረምት ላይ እህል የሚያጥርበት ቤት እንዳለም እናውቃለን። ማታ በቂ ምግብ ካልተበላ የጠዋቱ ፍጥነት ልምምድ ይቅር፤ በእግር መሄድ ወይም ማፍታታት ይበቃል። "ልምምድ አያመልጠኝም" ብሎ በረሃብ ላይ መሮጥ ጥንካሬ አይጨምርም፣ ጡንቻ ይበላል።

ለሴት ሯጮች ደግሞ፦ ክብደት ለመቀነስ ብላችሁ እራት አትዝለሉ። የወር አበባ መቅረት ምግቡ ከልምምዱ ጋር እንዳልተመጣጠነ ምልክት ሊሆን ይችላል፤ አጥንትንም ያሳሳል። ሦስት ወር ተከታትሎ ከቀረ ጤና ጣቢያ ሂዱና ንገሯቸው፣ ምን ያህል እንደምትሮጡም ጭምር።